ጥር ላይ የሞተው ሽበት

እኛ ሱሉልታ አንድ ነገር ሞተ ለመባል ብዙ ማስረጃ አይጠየቅበትም። ስልኩ ሁለት ቀን ካልሠራ ሰውየው ወይ ታሟል ወይ ዱባይ ሄዷል፤ በሦስተኛው ቀን ድንኳን የሚያጠያይቅ አይጠፋም። እናንተም ሰፈር እንዲሁ ይመስለኛል።

ከቤቴ በላይ ባለው ገደል ላይ የበቀለው ሽበትም የደረሰበት ይኸው ነው። ሽበት የምለው ያንን ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ነገር ነው። አረንጓዴነቱ ግን ለክረምት ነው። በበጋ፣ አፈር በሌለው አለት ላይ፣ ፀሐይና ንፋስ እየተፈራረቁበት ደርቆና ተኮማትሮ፣ የተቃጠለ ጆንያ መስሎ ይከርማል። በልጅነቴ ራቅ ብሎ ባለው የድንጋይ ማውጫ፣ ካባው ውስጥ፣ ስፈልጥ ውዬ ስመለስ ጀርባዬን የማሳርፈው እሱ ላይ ነበር። ከዚያ ዘመን ሌላ ለስላሳ ነገር አላስታውስም። ይበቃል።

ዘንድሮ ጥር ላይ የሰፈሩ መንገድ ኮሚቴ ገደሉን ፈልጦ ለመንገድ ሊያውለው ወሰነ። ሰኞ ሥራው ሊጀመር፣ እሑድ ከሰብሳቢው ከኦቦ ቱሉ ጋር ገደሉ ሥር ቆመን ተከራከርን። ድንጋዩን ከዱሮው ካባ አምጡ፤ ይርቃል እንጂ ሞልቷል፤ ይሄ ሽበት ግን አንዴ ከተፋቀ በእኛ ዕድሜ አይመለስም አልኳቸው።

"የቱ ሽበት?" አሉ በከዘራቸው እየነካኩ። "ይሄ የሞተው?"

"ተኝቶ ነው እኮ፣ ኦቦ።"

"አንተ ሰው፣ ሬሳ ታስታምማለህ እንዴ!"

በዚህ መሃል ሙሽሮች ለፎቶ ደረሱ። ጥር መሆኑን አትርሱ። አንዱ ሚዜ ሻምፓኙን ንጦ ንጦ ሲለቀው ሙሽራዋ "ቬሎዬን!" ብላ ጎንበስ አለች፤ አረፋው በሙሉ ገደሉ ላይ አረፈ። ሲሳሳቁ፣ ፎቶ ሲነሱ ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ሙሽራዋ ዞር አለችና ጮኸች። የረጠበው ቦታ አረንጓዴ ሆኗል! ፎቶ አንሺው ሙሽራውን ትቶ ገደሉን ማንሳት ያዘ።

"ያ ዋቃ!" አሉ ኦቦ ቱሉ። "በመጠጥ ነው እንዴ የሚነሳው?"

"ውሃም ይበቃዋል።"

ሰኞ ድንጋዩ ከዱሮው ካባ ተጭኖ መጣ።

ደስታዬ አንድ ሳምንት ቆየ። ፎቶው በየስልኩ ዞረና በቀጣዩ እሑድ ሙሽራ ሁሉ የፕላስቲክ ውሃውን ይዞ ወደ ገደሉ ተመመ። ይሄ ደግሞ የባሰ ነው። ካባ ሳለን ከምንታጠብበት በርሜል አጠገብ የነበረው ሽበት፣ በበጋ ቀን በቀን እየተረጨ፣ ሲነቃ ሲደርቅ ስንቁን ጨርሶ የእውነት ረግፏል። ይሄንን ባስረዳም "አባባ፣ ትንሽ ብቻ!" ይሉኛል።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ገደሉ ሥር ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። "ያ አረንጓዴ የሚሆነው የታለ?" ሲሉኝ "ሞተ" እላለሁ።

ባለፈው አንዷ ሙሽራ አላመነችኝም፤ ጠርሙሷን ከፍታ ጠጋ አለች። ይሄኔ ኦቦ ቱሉ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ከኋላዬ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ውሃ አይረጭም።"

ሙሽራዋ ደንግጣ ጠርሙሷን ከደነች። "እግዜር ያጽናችሁ" ብላን ሄደች።

"አሜን" አሉ ኦቦ ቱሉ አጠገቤ እየተቀመጡ። "እስከ ሰኔ።"