ክፉ ገጣሚን የማጣሪያ አንቀጽ አራት

የሰው ልጅ መልካሙን ከክፉው ለመለየት ስንት ሺህ ዘመን ሲዳክር ቆይቶ፣ ጉዳዩ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን፣ በአንድ ፎቅ ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እልባት አገኘ። እልባቱን የሰጠው የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ማኅበር የግጥም መድበል አዘጋጅ ኮሚቴ ነው፤ ሊቀመንበሩም እዚያው ፎቅ ላይ የሚኖሩት የተከበሩ ጋሽ በየነ ናቸው።

መድበሉ ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት፣ በጎንደርም በእንግሊዝም፣ ስለ መልካምና ስለ ክፉ የተገጠሙትን የሚሰበስብ ነበር። የመጨረሻዋ ገጽ ግን ለአንድ የዛሬ ሰው ተትታለች። ጋሽ በየነም ስለ መልካምነት የገጠሙትን ሰማንያ አራት ስንኝ ይዘው ሁለት ዓመት የጠበቁት ይህችን ገጽ ነው።

ለመድበሉ ክብር ሲሉ አንቀጽ አራትን ራሳቸው አረቀቁ፦ «ከክፉ ሰው መልካም ግጥም ስለማይወጣ የማንኛውም ገጣሚ ጠባይ ይጣራል። ለሞተው መጽሐፍ፣ በሕይወት ላለው የቤቱ ሰው ይመሰክራል።»

የማጣራቱ ሥራ ለጸሐፊዋ ለሩሃማ ተሰጣት፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምትሠራ ሙታንን ማገላበጥ አልከበዳትም። አንዱ ገጣሚ ሚስቱን ጥሎ ጠፍቷል፤ ወጣ። ሌላው ንጉሥ በተለወጠ ቁጥር ያንኑ ውዳሴ ስም እየቀየረ አቅርቧል፤ ወጣ። ሌላው ክፋት ባይገኝበትም ሰይጣንን አሳምሮ ከማናገሩ የተነሳ ሁለት የኮሚቴ አባላት ሳይታወቃቸው ስንኙን በቃላቸው ይዘውት ተገኙ፤ እሱም ወጣ። ከአርባ ሁለቱ ገጣሚዎች አንድ ብቻ ቀረ።

«ማን ይባላል?» አሉ ጋሽ በየነ።

«ስሙ አይታወቅም። ቼክ አድርጌያለሁ ጋሼ፣ ምንም ሪከርድ የለውም።»

ኮሚቴው በሰውየው ንጽሕና ተደንቆ በሙሉ ድምፅ አጸደቀው።

ቀጥሎ የሊቀመንበሩ ተራ ደረሰ። ለምስክርነት የተጠሩት ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተማርያም፣ ይብላኝላቸውና፣ ውሸት አያውቁም።

«ክፉስ አይደለም» አሉ። «ብቻ ኤሌቬተሩ የተበላሸ ጊዜ የሳምንቱን አስቤዛ ተሸክሜ አሥራ አንደኛ ፎቅ ወጥቼ በሩን ባንኳኳ፣ መልካምነት ላይ ነኝ፣ አትረብሺኝ አለኝ።»

ሩሃማ መዘገበችው። ጋሽ በየነ ሪከርድ ያለው ሰው ሆኑ፤ ግጥሙም ወደቀ።

ሳምንቱን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰነበቱ። ኋላ ግን መድኃኒቱን ከራሳቸው አንቀጽ አገኙት። ማንም ገና ያላነበበውን ግጥማቸውን ባረጀ ወረቀት ገልብጠው፣ ከአንድ አሮጌ ደብተር የተገኘ፣ ገጣሚው ያልታወቀ ነው ብለው አቀረቡት። ኮሚቴው ሁለተኛ ንጹሕ ሰው በማግኘቱ አጨበጨበ።

መድበሉ በአዳራሹ በተነበበበት ቀን ሩሃማ ሰማንያ አራቱን ስንኝ አንድም ሳታስቀር አነበበች። ሃያኛው ላይ ሰዉ ስልኩን አወጣ፤ አርባኛው ላይ ካፖርቱን ደረበ። ሲያልቅ የማኅበሩ አንጋፋ እትዬ ጽዮን ተነሡ።

«ይሄን የጻፈ ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክፉ ነበር» አሉ። «ደግ ሰው ሰው ላይ ይሄን አያደርግም።»

አዳራሹ ነፍስ ይማር አለ። ጋሽ በየነም አብረው አሉ።

ሩሃማ ምስክርነቱን መዘገበች፤ ያልታወቀው ገጣሚ ሪከርድ ስላገኘ በአንቀጽ አራት መሠረት እንዲሰረዝ ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ጋሽ በየነ ወይ የእኔ ነው ማለት፣ ወይ እጃቸውን ማውጣት ነበረባቸው። ልባቸው እያረረ፣ ሊቀመንበር ናቸውና፣ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ። ውሳኔውንም በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው አሰፈሩት፦ «ያልታወቀው ገጣሚ ክፋቱ ስለታወቀ ተሰርዟል።»

ኤሌቬተሩ ተሠርቶ ነበርና ባልና ሚስቱ ገቡበት። ወይዘሮ ወለተማርያም አሥራ አንድ ቁጥርን ተጫኑ።

«እኔስ ክፉ አይደለም ብዬ መስክሬልህ ነበር» አሉ።