የቆረጥኩት ቆርቆሮ ቤት

ዛሬ ምን ሲያደርጉኝ እንደዋሉ ብነግራችሁ «ይህ ሰውዬ ደግሞ ማጋነን ጀመረ» ትላላችሁ።

ሽማግሌዎች ፊት ቆሜ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ «ያቺ ቤት የኩበት ማስቀመጫ ናት» ብዬ መሰከርኩ።

እኔ! ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብቤ!

ሳቁ፣ አልከለክላችሁም። የእኔ ንዴት ግን ገና አልበረደም፤ ለእናንተም የሚተርፍ አለኝ።

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ገጼ ላይ የለጠፍኳትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? የሳር ክዳን ያላት ክብ የድንጋይ ጎጆ፤ በሯ ላይ ብርድ ልብስ የደረቡ እናት፤ በእጃቸው ክብ ነገር፤ ከኋላ ጭጋግ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስሄድ መንገድ ዳር ቆሜ በካሜራዬ ዙም አቅርቤ ያነሳኋት ናት።

ካፕሽኑን ከረሳችሁት ግድ የለም። ዛሬ ሰው ፊት ጮክ ተብሎ ስለተነበበልኝ እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ቆርቆሮ ያልነካት፣ ሲሚንቶ ያልደረሰባት፣ ሰባት ትውልድ የተወለደባት ጎጆ። እናት ትኩስ ዳቦዋን ይዛ ደጅ ቆማለች።»

እናንተስ ምን አላችሁ? «ዋው!» አላችሁ። «የጠፋው ማንነታችን» አላችሁ። አንዷማ «የዳቦው ሽታ እዚህ ድረስ መጣ» ብላ ኮመንት ጻፈች።

እህቴ፣ የሸተተሽ ኩበት ነው።

ኩበት ማለት፣ ለማታውቁ የከተማ ልጆች፣ ጠፍጥፈው ያደረቁት የከብት እበት ነው፤ ለማገዶ የሚሆን። እኔ ነኝ በፊልተር አሙቄ፣ ቡኒ አድርጌ፣ ዳቦ ያስመሰልኩት። ጎጆዋም የኩበት ቤት ናት። ሰባት ትውልድ ቀርቶ አንድ ጫጩት አልተፈለፈለባትም። የተሠራችው ካቻምና ነው!

ይህን ዛሬ ጠዋት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ቄስና ዱላ የያዙ ጎልማሳ ገበሬ ቆመዋል። ቄሱ መምሬ ኃይሉ እንደሚባሉ ነገሩኝ። ገበሬው አቶ ወንድይፍራው ናቸው፤ «የቤቱ ባለቤት» አሉኝ።

«የየትኛው ቤት?»

«የፎቶው።»

እንዴት አገኙኝ እንዳትሉ። ደብረ ብርሃን ላይ የማይታወቅ ቤት የለም፤ የመጀመሪያው ባጃጅ ነው ደጄ ላይ ያወረዳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአቶ ወንድይፍራው ልጅ ሙሉቀን ከጣርማ በር አካባቢ ልጅ ሊያገባ ነው። በመምሬ የሚመሩ ሽማግሌዎች ሄደው ለምነዋል። «ልጁ ቤት ሠርቷል፤ ቆርቆሮ ነው፤ በሩ ብረት ነው፤ መብራቱ ሶላር ነው» ብለዋል። የልጅቱ አባት አቶ ጌታነህም እሺ ብለዋል። ሁሉም ነገር አልቆ ነበር።

ከዚያ እኔ መጣሁ።

የልጅቱ ወንድም እዚሁ ደብረ ብርሃን ተማሪ ነው፤ ተከታዬም ነው። (ወጣት አንባቢ የለኝም ብዬ የማማርረው በከንቱ ነበር!) የሙሉቀንን እናት በገበያ በመልክ ያውቃቸዋል። ፎቶዬን አየ፣ ካፕሽኔን አነበበ፣ ለአባቱ አሳየ።

አቶ ጌታነህ በነጋታው «ሽማግሌ ዋሽቶኛል፤ ልጄን ሳር ጎጆ አላስገባም» ብለው ላኩ።

«ታዲያ ሄደው ቤቱን ለምን አያዩትም?» አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

መምሬ እንደ ሞኝ ነው ያዩኝ። የልጅቱ አባት ከሰርግ በፊት የሙሽራውን ቤት ሊፈትሽ ሄደ ይባላል? ልጁን ሊሸጥ ነው እንዴ? አባት የሚያምነው የሽማግሌን ቃል ነው፤ አሁን ደግሞ የሽማግሌ ቃል በእኔ ፎቶ ተረትቷል።

«ስንት ደመኛ ያስታረቅኩበት ቃል ነው፤ ልጄ» አሉ መምሬ። «ዛሬ ሄደህ ታነሳዋለህ።»

ሄድኩ። ምን ላድርግ!

ጣርማ በር ብርዱ አጥንት ይገባል። አቶ ጌታነህ በተሰበሰበው ሰው መሃል ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ጨዋነታቸው ግን ከብርዱ ይብሳል። ልጃቸውን «አንብብለት» አሉት። አነበበ። እስከ ዛሬ ጽሑፌን ጮክ ብሎ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ጊዜም እመኘው ነበር። «ሰባት ትውልድ» ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ። «ትኩስ ዳቦ» ላይ ማስመሰሉንም ተወው።

መምሬ ዞር ብለው «ሰባት ትውልድ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

ማንም አልነገረኝም። ስድስት ደካማ ይመስላል፣ ስምንት ይበዛል ብዬ ነው። ይህን ግን አልተናገርኩም።

በዚህ መሃል አቶ ጌታነህ «ለምን ዋሹ?» ብለው ጠየቁኝ።

እዚህ ላይ ተናደድኩ! አልዋሸሁም እኮ! ዋሽቶ አደር አይደለሁም። «ክሮፕ ነው ያደረግኩት» አልኩ። ስለ ፎቶ ቅንብር ማስረዳት ጀመርኩ። ጎጆዋ አጠገብ ሰማያዊ ቆርቆሮ ቤት እንደነበረ፣ እሱ ዓይን እንደሚሰርቅ፣ የምስሉን መንፈስ እንደሚበጠብጥ በደንብ አብራራሁ።



ከዚያ መሰለኝ የተናገርኩት ለራሴም የገባኝ።

«ክሮፕ ምንድን ነው?» አሉ አቶ ጌታነህ።

«መቁረጥ ነው፤ አባባ» አለ ልጁ።

ስልኬን አወጣሁ። ያልተቆረጠውን ፎቶ ከፈትኩ። ከጎጆዋ በስተቀኝ ሰፊ ሰማያዊ ቆርቆሮ ቤት፤ አረንጓዴ የብረት በር፤ ጣሪያው ላይ ሶላር፤ ደጁ ላይ አዲስ የተዘረጋ የሽቦ አጥር። መምሬ የተናገሩት ሁሉ አለ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መምሬ ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩ በኋላ በረጅሙ ተነፈሱ።

አቶ ጌታነህ ስልኩን መለሱልኝ። «እንግዲህ ቤቱ እጅዎ ላይ ነበረ» አሉኝ።

«ነበረ።»

«ጣሉት።»

«አዎ።»

«የሰው ቤት ጥለው፣ ምን አተረፉ?»

ላይክ፣ ልላቸው ነበር። በዚህ ጊዜ ነው ኮፍያዬን አውልቄ ከላይ የነገርኳችሁን ምስክርነት የሰጠሁት።

ውሳኔው አጭር ነበር። ሙሉውን ፎቶ እንደገና አንስቼ፣ ያንኑ ገጽ ከፍቼ፣ እውነቱን በዝርዝር እጽፋለሁ። የዋሸሁት አደባባይ ላይ ነውና የማርመውም አደባባይ ላይ ነው። ልጃቸው ነገ ጠዋት ያነብላቸዋል። ከዚያ ሰርጉ ይቆረጣል፤ ማለቴ፣ ቀኑ።

ስለዚህ ይህ የምታነቡት ፖስት የጥበብ ሥራ አይደለም። ቅጣት ነው! እንደምን አደሩ፣ አቶ ጌታነህ።

ከጣርማ በር ተመልሰን ወደ አንኮበር መንገድ ወረድን። የሙሉቀን እናት ወይዘሮ የሺእመቤት ከዚያው ደጅ ጠበቁኝ። የፈራሁት እሳቸውን ነበር። አልጮኹም። «ያን ቀን እጄን ሳወዛውዝልህ ምን መሰለህ?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። ለፎቶ ብለው መስሎኝ ነበር፤ መልሼ አወዛውዤ መኪናዬን አስነሳሁ።

«ብርዱ ስለነበረ ግባና ትንሽ ሙቅ ልልህ ብዬ ነው። ብትገባ ቤቱን ታየው አልነበረም?»

ደግሞም አላበቁም። «አንተ የምታድረው ሳር ቤት ነው?»

ቆርቆሮ ቤት ነው። እናንተም የምታድሩት ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ኮንዶሚኒየም ያላችሁም ሳር አልከደናችሁም! እኛ ዝናብ ሳያንጠባጥብብን ተኝተን፣ እሳቸው ለዓይናችን ሲሉ ከተባዩ ጋር ሳር ስር እንዲያድሩልን ነው የምንፈልገው። ይህን ስጽፍ ደግሞ እንደገና ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን መለየት እያቃተኝ ነው።

ፎቶውን አነሳሁት። እነሱ አዘዙ፣ እኔ አነሳሁ። ሙሉቀን ኮት ለብሶ የብረቱን በር ይዟል። አቶ ወንድይፍራው ትልቁን በግ ቀንዱን ይዘው ካላስገባህልኝ አሉ። የመብራት ምሰሶ በመምሬ ጥምጣም ላይ የበቀለ ይመስላል። ጭጋግ የለም፣ ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው፣ ቆርቆሮው ዓይን ይወጋል። በቅንብር ረገድ ከዚህ የከፋ ፎቶ በሕይወቴ አላነሳሁም።

ከላይ የምታዩት እሱን ነው።

በግራ ጥግ ያለችው የኩበት ቤቷ ናት። እሷን እንኳ ላውጣላቸው ብዬ፣ የይቅርታ ያህል፣ ስልኩ ላይ መቁረጥ ስጀምር ወይዘሮ የሺእመቤት በትከሻዬ በኩል ያዩ ነበር።

«ተው፤ ክረምቱን የምታሞቀን እሷ ናት። አሁን ደግሞ እሷን ልትጥልብን ነው?»

ተውኩ።

ማታ ልሸኝ ስል መምሬ ሰርጉ ላይ እንዳልቀር ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ተናድጄም ደስ አለኝ። መኪናው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ወይዘሮ የሺእመቤት በመስኮት ጎንበስ አሉና ካሜራውን ቤቴ ትቼ እንድመጣ ለመኑኝ።

አሁን እናንተ ንገሩኝ፦ ሰርግ ቤት ያለ ካሜራ ባዶ እጁን የገባ ሰው፣ ከመብላትና ከማጨብጨብ ሌላ፣ ምን ያያል?