እትዬ ቆላ አደረች

በኮሮና ጊዜ በአውሮፕላን ውጭ አገር ሄጄ፣ ታላቅ እህቴን ባሕር ዳርቻ ላይ ትቻት ተመለስኩ። ነገሩ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን እናንተ መች ትተዉኛላችሁ? «እንዴት ትተዋታለህ?» ማለታችሁ አይቀርም።

ጥፋቱ የልጄ ነው። ልጄ ሰላም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ባለች አንዲት ደሴት፣ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ዓለም ሁሉ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ያች ደሴት አልዘጋችም። እንግዳው ግን ጠፋ። አልጋው ባዶውን ከሚያድር ቤተሰቦቻችሁን ጥሩ ተባሉ ሠራተኞቹ። ሰላም ደወለች። «አባዬ፣ አክስቴን ይዘሃት ና፤ ጉልበቷን ፀሐይ ይምታላት» አለች።

አክስቷ ማለት የእኔ ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘነቡ ናት። ብርዳሙ ግሼ ውስጥ፣ ከራቤል ከተማ ከፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ብቻዋን ትኖራለች። ቁርጥማት ጉልበቷን አሥሮ ከያዘው ቆይቷል። እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ግንበኛ ነኝ። እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። እሺ አለች! ለምርመራው አፍንጫዋ ውስጥ ያችን ቀጭን እንጨት ሲከቱባት፣ «በዚህ በኩል ገብተው ኃጢአቴን ሊያዩ ነው እንዴ?» ብላ ሐኪሙን አሳቀችው።

እኔ አልሳቅሁም። ለምን አትሉም? ሰው ሁሉ ኮሮናን ሲፈራ እኔ የፈራሁት ቆላውን ነበር።

የእኛ አገር ሰው ቆላ ይወርዳል እንጂ ቆላ አያድርም። ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽቅብ ይወጣል። ቢመሽበት እንኳ ዳገቱን አጋምሶ ድንጋይ ተንተርሶ ያድራል። ባሕር ደግሞ ምንድን ነው? የቆላዎች ሁሉ መጨረሻ አይደለም? ከዚያ በታች የሚወረድበት የለም።

ልጅ ሳለሁ ገብሱን ውርጭ የመታው ዓመት ነበር። አባታችን ማሽላ ሊያመጣ ቆላ ወረደ። እዚያው አደረ። ሲመለስ ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። አልተነሣም። ከዚያ ወዲያ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። እንዴት እንዳሳደገችኝ አልናገርም።

እንግዲህ ስንቄን ያዝኩ። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ። አውሮፕላኑ ላይ ከጭምብሌ ሥር ሽንኩርቴን ሳኝክ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚለውን ማሳሰቢያ ያላከበረልኝ ተሳፋሪ አልነበረም።

ስንደርስ ሰላምን ለብቻዋ ጠርቼ ከፍ ያለ ቦታ አሳድሪን አልኳት። ሳቀች። «አባዬ፣ እዚህ አገር ከፍ ያለ የሚባለው የኮኮናት ዛፍ ነው። እሱ ላይ ላንጥፍልህ?»

መዝናናት የሚሉትስ ነገር? ተጋደም ተባልኩ። ተጋደምኩ። ተነሣሁ። እንደገና ተጋደምኩ። ፀሐይዋ ባለችበት ናት። እኛ ጋ በቀን የሚተኛ የታመመ ነው፤ ሰው ይጠይቀዋል። እዚህ ጠያቂም የለም። ዐይኔ የሆቴሉ አጥር ላይ ሲያርፍ ጥጉ ተንዷል። እፎይ አልኩ። ድንጋዩን እያነሣሁ መካብ ስጀምር ዘበኛው እየሮጠ መጣ። በቋንቋው ጮኸብኝ፣ በቋንቋዬ መለስኩለት። ሰላም መጥታ አስታረቀችን። ምን አለ ብላት፣ «እንግዳ ሥራ አይሠራም ነው የሚለው» አለችኝ። ታዲያ እንግዳ ምን ያደርጋል? ተጋደምኩ።

እትዬ ግን! የሆቴሉ ሴቶች ልጆች እግሯን እስከ ጉልበቷ በትኩስ አሸዋ ይቀብሩላታል። በምን ቋንቋ እንደምታዛቸው እግዜር ይወቅ። «አንተ፣ ፀሐይ ለካ ቤቷ እዚህ ነው!» ትለኛለች። «እኛ ጋ ብቅ ብላ የምትሄደው ለጥየቃ ኖሯል።»

እኔ ጧት ጧት ግንባሯን እዳስሳለሁ። «ምነው፣ የፋሲካ በግ መሰልኩህ?» አለችኝ አንድ ቀን። ለኮሮናው ነው አልኳት። ዋሸሁ። ትኩሳት ስፈልግ ነበር፤ የአባታችንን ትኩሳት።

የመመለሻችን ቀን ደረሰ። እትዬ አሸዋዋ ውስጥ ናት።

«እትዬ፣ ተነሺ እንጂ። አውሮፕላኑ አይጠብቀንም።»

«አይጠብቀኝም በል። እኔ እዚህ ነኝ።»

«ቆላ ነው እኮ!» ጮኽኩ መሰለኝ። «አባባን...»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ተሰማ፣ አባባን ቆላ አልገደለውም። ስንቁን ለእኛ ትቶ ባዶ ሆዱን ነው የወረደው። ማሽላውን ተሸክሞ ሲመጣ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። አንተ ልጅ ነበርክ፣ ማሽላውን እሺ ብለህ እንድትበላ ቆላ ገደለው አልኩህ።»

ባናዋን፣ ያንን ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ ሰጠችኝ። «ውሰድልኝ፤ እዚህ ምን ይሠራልኛል?»

ደብረ ብርሃን አላረፍኩም፤ ቤቷን ልይ ብዬ በዚያው ወደ ግሼ ተሳፈርኩ። የጓሳን ደጋ ስናልፍ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። ራቤል ወርጄ ባናውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ አዘገምኩ። ስሕተቴ ይኼ ነበር። እኛ አገር የሰው ባና ያለ ባለቤቱ ወደ ቤት ከገባ ትርጉሙ አንድ ነው። ደግሞም በኮሮና! ደግሞም ከቆላ!

ጎረቤቷ በለጥሽ ከሩቅ አየችኝ። «ወይኔ እማማ ዘነቡን!» ብላ ደረቷን መታች። አገሩ ተጠራርቶ ወጣ። መሰብሰብ ክልክል ነው የሚል ማንም አልነበረም። የነፍስ አባቷ ዳዊታቸውን ይዘው ደረሱ። እኔ ደክሞኛል፣ ልቤም እዚያው ባሕሩ ዳር ነው።

«እዚያው ቀበርካት?» አለችኝ በለጥሽ።

«እግሯን ብቻ» አልኩ።

እውነቴን ነበር። ለቅሶው ግን ይብሱን ተደባለቀ።

በኋላ ነገሩ ሲገባኝ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ወጣሁ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተከተለኝ። ሰላም ስልኩን አነሣች። እትዬ ጥቁር መነጽር አድርጋ የስልኬ መስታወት ላይ ብቅ አለች።

«ምን ሆናችሁ ነው የተኮለኮላችሁት?» አለች። «በሽታ እያለ! አፋችሁን ሸፍኑ!»

የነፍስ አባቷ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። «ልጄ፣ መቼ ነው የምትመለሽው?»

«ብርዱ ሲያልቅ፣ አባ።»

እኔ በዕድሜዬ የግሼ ብርድ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም። አባም አላዩም።

ለለቅሶ የመጣው ንፍሮ በሳቅ ተበላ። ሰዉ እየተሳሳቀ ተበተነ። በጎቿን ሲጠብቁላት የከረሙት ሽማግሌ፣ አያ ደምሴ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«በል እንግዲህ፣ ከነገ ጀምሮ አንተው አሰማራቸው» አሉኝ። «የእኔ አደራ እሷ እስክትመጣ ነበር። እሷ አልመጣችም።»

ይኸው ክረምቱ አልፎ ሌላው ሊገባ ነው። ሰላም ደሴቷ ላይ ናት። እትዬም እዚያው ናት። እትዬ ቤት ያለሁት እኔ ነኝ።