የአክስቴ የውርስ ክፍፍል

በሽታን እንደ ርስት የሚያከፋፍል ሰው የሌለበት ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። በእኛ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት አክስቴ ናቸው።

ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል፣ መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰካ አድርገው ይሠራሉ። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ደንበኛ ወገቧን እየተለካች ሳለ፣ «እናትሽ ስኳር አለባቸው?» ትባላለች። «ኧረ እንጃ» ካለች አለቀላት። «እንጃ ብሎ ነገር የለም፤ ሂጂና ጠይቂ፣ ተመርመሪ» ይሏታል። ቀሚሱ ሲደርስ ደንበኛዋ ላቦራቶሪ ተሰልፋለች።

አባባላቸው አንድ ነው፦ «የዘር ነው! ከየት ይመጣል ታዲያ?» ትልቁ ልጃቸው ካስነጠሰ የአያቱ አስም ነው፤ ጨርቅ እያራገፉ ቤቱን በአቧራ የሞሉት እሳቸው መሆናቸውን ማንም ደፍሮ አያነሳም። ትንሹ ከብስክሌት ወድቆ ሲያነክስ የአጎቱ ጉልበት ነው።

የሴት ልጃቸው እጮኛ ቤት የመጣ ዕለትማ ስለ ሥራው እንኳ አልጠየቁትም። «በአባትህ በኩል ልብ እንዴት ነው?» አሉት። ምስኪኑ ስለ ፍቅር የተጠየቀ መስሎት፣ «ልባችን ንጹሕ ነው» አለ።

«ንጽሕናውን ተወውና ምቱን ንገረኝ!»

እኔ ግን ከዚህ ርስት ድርሻ አልነበረኝም። እናቴ የአክስቴን ወንድም ስታገባ እኔን በእጇ ይዛ ነው የመጣችው። እናም ከአክስቴ ማዕድ አብሬ እየበላሁ ባድግም፣ ልጆቻቸው አስምና ጨጓራ ሲታደላቸው፣ እኔ ሳስል «አንተን ብርድ ነው የመታህ፤ ሹራብ ደርብ» እባላለሁ። ብርድ! ማንም መንገደኛ የሚይዘው ነገር! አንድ ቀን ጉልበቴን ይዤ እያነከስኩ፣ «እትዬ፣ የአጎቴ ጉልበት ይሆን እንዴ?» አልኳቸው። «አንተስ ዕድለኛ ነህ፤ የእኛ ጣጣ የለብህም» አሉኝ። ያን ቀን ዕድለኛነቴ አንገበገበኝ።

አድጌ ቀለም ቀቢ ሆንኩ። ዓምና አንድ ግድግዳ ስቀባ መሰላል ላይ እንዳለሁ አዞረኝ፤ ለጥቂት ተረፍኩ። አክስቴ ሲሰሙ ሥራቸውን ጥለው፣ ሜትሩን እንኳ ከአንገታቸው ሳያወርዱ፣ እየጎተቱ ክሊኒክ ወሰዱኝ።

ወጣቷ ዶክተር ክንዴን አስራ ለካችና ፊቷን ቋጠረች። «ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል። ከቤተሰብ ግፊት ያለበት ሰው አለ?»

የወላጅ አባቴን ወገን አላውቅም ልል አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደሙኝ። «አለ እንጂ! እኔ አለሁ፣ እናቴ ነበረባት፣ ወንድሜም አለበት። የዘር ነው! ከየት ይመጣል ታዲያ?»

«የሥጋ አክስቱ ነዎት?»

«የእንጀራ አባቴ እህት ናቸው» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ እንደዚያ ከሆነ ከእርስዎ በዘር ሊመጣበት አይችልም። ደግሞም ዘር ሰውን ለበሽታው ያጋልጠው ይሆናል እንጂ ብቻውን አይወስንም። አመጋገብም አለበት።» ወደ እኔ ዞረች። «ጨው ታበዛለህ?»

«እሳቸው ባስለመዱኝ ልክ ነው የምበላው።»

አክስቴ አንገታቸውን ደፉ። በሕይወቴ ሲያደርጉት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ፈራሁ፤ ያለቅሱ ይሆን ብዬም አየኋቸው። ከዚያ ቀስ ብለው ቀና አሉና ደረታቸውን ነፉ።

«ይኸው! ከእኔ ነው አላልኩሽም? በደም ባይሆን በማንኪያ ወርሶኛል። ጻፊ ልጄ፦ ከአክስቱ።»

ዶክተሯ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጎንበስ አለች።

ክኒን ታዞልኝ፣ ከጨው ታግጄ ወጣሁ። አክስቴ እጄን ይዘው፣ በመንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ «ግፊቴን ወርሶ እኮ ነው!» እያሉ አስተዋወቁኝ።

ማታ ትልቁ ልጃቸው ደንግጦ ደወለ። «ምን ሆንክ?»

«ምንም አይደል» አልኩት። «የእኛው ግፊት ነው።» ድምፄ ውስጥ ያለውን ኩራት ግን መደበቅ አቃተኝ።