የቃል አጥንት ቆጣሪው

ሰው የሰውን አጥንት ሲቆጥር አይታችሁ ይሆናል፤ የቃልን አጥንት የሚቆጥር ግን ገጥሟችሁ ያውቃል? ኮልፌ አራተኛ ክፍል ያስተማሩን ጋሽ ተሰማ እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቃል የትውልድ አገሩን ሳይናገር ከክፍላቸው አይወጣም። ፌርማታና ባኞ ከጣሊያን መምጣታቸውን የረሳ ልጅ ተንበርክኮ ይውላል። እሳቸውም ያላወቁትን «አጣርቼ እነግራችኋለሁ» ይላሉ እንጂ አይዋሹም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በደርግ ጊዜ ምን ይሆናል ትላላችሁ?

አንድ ቀን የቀበሌያችን ካድሬ ሽጉጡን እንደታጠቀ ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ትንሽ አዳመጠና ብድግ አለ።

«ጓድ መምህር፣ የኢምፔሪያሊስት ቃል ለሕፃናት ምን ያደርጋል? ከዛሬ ጀምሮ መጤ ቃል እዚህ ክፍል አይገባም!»

የፊት ወንበሯ ዘነበች እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ካድሬ የሚለውስ ከየት መጣ?»

ካድሬው ራሱ መልሱን ለመስማት አንገቱን አሰገገ። ጋሽ ተሰማ ጠመኔውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«ካድሬማ... ጥንታዊ ግዕዝ ነው» አሉ።

ካድሬው ደስ ብሎት ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እሁድ በቀበሌ ስብሰባ ሕዝቡን አስተማረበት፤ እናቴ ሳትቀር አጨበጨበች።

ሰኞ ዘነበች አልለቀቀቻቸውም። «ጋሼ፣ የምርዎን ግዕዝ ነው?»

በሩን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። «ቃሉ የመጣው ከፈረንጅ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «መልሱ ግን የመጣው ከፍርሃት ነው። ሁለቱንም ደብተራችሁ ላይ እንዳትጽፉ።»