ሚስማር የተጠቀለለበት ምስጢር

በዚህ አገር ምስጢር መያዝ ያቃተው ሰው ሳይሆን ቢሮ ነው። ሰውማ ቢያንስ ግራ ቀኙን ገልመጥ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው «ለማንም እንዳትነግር» እያለ የሚነግራችሁ። ቢሮ ግን ማኅተም መትቶ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቶ፣ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ግልባጭ አድርጎ...!

ይህን የምለው ከሰሚ ሰሚ ይዤ አይደለም፤ ከፍዬበታለሁ። ስድስት ቆርቆሮ፣ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አንድ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር፣ በዚያ ላይ በሃያ ዓመት ንግድ ያፈራሁት ኩራት። ሚስማሩ ይተካል።

ከተማዋን አልጠራም፤ ምስጢር ነው። ከዳባት ወዲያ፣ ከሊማሊሞ ወዲህ ናት ብል ግን ማንም አያውቅብኝም። (እዚያ መካከል ሌላ ከተማ ካለ ጠቁሙኝማ፤ ቅርንጫፍ እከፍታለሁ።)

ሱቄ አስፋልቱ ዳር ናት። ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ገመድ፣ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ፎቶ ኮፒ ማሽን አለችኝ። በግራዬ የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ቢሮ፣ በቀኜ ፍርድ ቤቱ አለ። ሁለቱ ቢራራቁ መቶ እርምጃ ነው።

እስቲ ሕጉን ልንገራችሁ፤ እኔም የሰማሁት ከደንበኛ ነው። አንድ ልጅ አጠፋ ተብሎ ሲከሰስ ዳኛው ከመወሰናቸው በፊት ስለ ልጁ አኗኗር ጥናት ከሕፃናት ቢሮ ይጠይቃሉ። ችሎቱ ዝግ ነው፤ በር ይቆለፋል። ጥናቱም ምስጢር ነው፤ ከሁለቱ ቢሮ በቀር ዓይን አያየውም። ደስ የሚል ሕግ! ችግሩ ትንሽ ናት። የሕፃናት ቢሮው የኮፒ ማሽን አለው፣ ቀለም የለውም። ፍርድ ቤቱ ቀለም አለው፣ ማሽኑ ከሞተ ቆይቷል። «ታዲያ ቀለሙን ለምን አትዋዋሱም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የንብረት ዝውውር ደብዳቤ ያስፈልገዋል አሉኝ። የልጅ ምስጢር መንገድ ይሻገራል፤ ቀለም ግን አይሻገርም።

እናም ምስጢሩ ሁሉ በእኔ ሱቅ በኩል ያልፋል።

የገበያ ቀን ነበር። ሱቄ በገበያተኛ እንደተጨናነቀች የሕፃናት ቢሮዋ ባለሙያ እየተጣደፈች ገባች። ሰናይት እንበላት፤ ስሟ አይደለም።

«ወንድምዬ፣ ቶሎ በልልኝ፤ ዳኛው እየጠበቁ ነው። ሰባት ገጽ፣ ሁለት ሁለት ኮፒ። እንዳታነበው ግን!»

«ዓይኔን ልጨፍን?»

«ምስጢር ነው አልኩህ እኮ!»

ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው። ገመድ ሲያስለኩ የነበሩ ሁለት የበቅሎ ነጂዎች ጆሯቸውን ቀሰሩ።

አላነበብኩም። ግን እናንተዬ፣ ኮፒ ስታደርጉ ወረቀቱ ቀጥ ማለቱን ማየት አለባችሁ፤ ቀጥ ማለቱን ስታዩ ደግሞ ፊደል በመሃል ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። በየገጹ ራስ ላይ «ምስጢር» የሚል ማኅተም ባይመቱበት ኖሮ እኔም ልብ አልለውም ነበር። «እዚህ ጋ አንብብ» ብሎ ቀስት የሚያሳይ ይመስላል።

ሳላነብ የገባኝ ይህን ያህል ነው። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለች። አባቷ ሞቶባት ሳንቃ በር ከሚባለው ቦታ በታች ካለ መንደር፣ አጎቷ ቤት አደገች። አጎትየው ሊድሯት ቀን ቆረጡ። እሷም አስባ አስባ፣ የአጎቷን አንዲት የሰባች በግ እየነዳች ገበያ ወረደች፣ ሸጠች፣ በብሩ ተሳፍራ ጠፋች። አጎትየው «በጌን ሰረቀችኝ» ብለው ከሰሷት። ቢሮው ደግሞ ልጅቱን አንዲት ሴትዮ ቤት አስጠጋትና፣ ያለችበትን አጎቷ በምንም መንገድ እንዳያውቁ አሳሰበ። ካወቁ ይዘዋት ይመለሳሉ፤ ሠርጉም ይደገሳል። የሴትዮዋ ስም፣ ሰፈሯ፣ የበሯ ቀለም ሳይቀር ግን አራተኛው ገጽ ላይ በጥሩ አማርኛ ሰፍሯል።

ያን አራተኛ ገጽ ማሽኗ አጣማ አወጣችው። ጠማማውን ወደ ጎን አድርጌ ሌላ አወጣሁ። ሰናይት አሥራ አራቱን ቅጠል ቆጥራ፣ ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ወደ ፍርድ ቤቱ ሮጠች። «ሒሳቡን በኋላ» አለች። ምስጢር በዱቤ ነው የሚባዛው።

«ወደ ጎን» ያልኳችሁ የት እንደሆነ አልጠየቃችሁኝም። በእኛ ሱቅ የተበላሸ ወረቀት አይጣልም፤ የመጠቅለያ ክምር አለች። ሚስማር የሚጠቀለለው በእሷ ነው። የተማሪ ፈተና፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ቀኑ ያለፈ የጨረታ ማስታወቂያ... ከደንበኞቼ መካከል ስለ መንግሥት ሥራ ከሚስማሬ የተማረ ስንት አለ! ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ግማሽ ኪሎ የቆርቆሮ ሚስማር ጠየቀ። እጄ እንደ ልማዱ ክምሩ ላይ ሄደ፣ ጠቀለለ፣ ሰጠ። የማማው እጄን ነው፤ እኔማ ከሌላ ደንበኛ ጋር ስለ ገብስ ዋጋ ክርክር ላይ ነበርኩ።

በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ ጋቢ የደረቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ከባንኮኒው ፊት ቆሙ። ሚስማር የገዙት ናቸው። ከጋቢያቸው ሥር ሚስማር የበሳሳውን ወረቀት አውጥተው በመዳፋቸው እያቃኑ ዘረጉት።

«ልጄ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ጠቅልለህ ሰጠኸኝ። ማኅተም መሬት ይጣላል እንዴ? ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

ገጽ አራት! «ከሳሽ» ከሚለው አጠገብ የተጻፈውን ስም አየሁ። ቀና ብዬ፣

«ጋሼ፣ ስምዎ ማን ነበር?» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ክው አልኩ። በዚህ ዓለም ያን ወረቀት ማየት የሌለበት አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ለእሳቸው ደግሞ በገዛ እጄ፣ ሚስማር ሞልቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ያልተጻፈ ማንበብ ጀመርኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣

«ለቆርቆሮና ሚስማር ቸርቻሪዎች በሙሉ። ሚዛናችሁን በየጊዜው እንድታስመረምሩ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር።»

«ከሰላምታ ጋር ይላል?»

«ይላል።»

«ይህ ሁሉ ጽሕፈት ለሚዛን?»

«መንግሥትን ያውቁት የለ፣ ሲጽፍ ያበዛል። በሉ ይስጡኝ፤ ለእርስዎ አይረባም።»

መዳፋቸው ወረቀቱ ላይ ጠበቅ አለ። «ለእኔ የማይረባ ለአንተ ምን ይረባሃል?»

ንግድ ላይ አንድ ሕግ አለችኝ፤ የምትፈልገውን ዕቃ አትየው። ጣራ ጣራውን እያየህ ዋጋውን ጠይቅ። ያን ዕለት ግን ዓይኔ ከወረቀቱ ላይ አልነቀል አለ።

«ለሚስማሩ ሌላ መጠቅለያ ልስጥዎት፤ ንጹሕ።»

«ንጹሑ ማኅተም አለው?»

«እሺ፣ ግማሽ ኪሎ ሚስማር ልመርቅልዎት።»

«ተወው ግድ የለም፣ ለመሪጌታ ላስነብበው። እሳቸው ሲያነቡ ከሰላምታው በፊት ያለውንም አይዘሉም።» አሉና ወረቀቱን ማጠፍ ጀመሩ።

መሪጌታ! ቤተ ክርስቲያኑ ከሱቄ በላይ አቀበቱ ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ አንድ ንባብ፣ አንድ ሚኒባስ፣ አንድ በር ማንኳኳት... ልጅቱ እሑድ ሙሽራ ናት!

«አንድ ኪሎ!» ብዬ ጮህኩ።

«ያ ብርድ ልብስስ?» አሉ፣ ጣራ ጣራውን እያዩ።

«ብርድ ልብስ ለወረቀት?»

«እውነትህን ነው፣ ነውር ነው። መሪጌታ በነፃ ያነቡልኝ የለ!»

ብርድ ልብሱ ከመደርደሪያው ወረደ። ወፍራሙ። በጣታቸው አሻሽተው ካዩት በኋላ፣

«የማድ ቤቴ ክዳን ስድስት ቆርቆሮ ጎድሎታል» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ በማርያም!»

«እኔ ምን አልኩህ? ወረቀቱን የምትፈልገው አንተ፤ እኔማ መንገዴ ነው።»

ስድስቱ ቆርቆሮ ጋሪ ላይ ሲጫን ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆራል፤ ያውም በደባርቅ የጧት ብርድ! (ከተማዋን ጠራሁ እንዴ? አልሰማችሁም።) ሽማግሌው ሚስማራቸውን በብርድ ልብሱ ሸክፈው ሲያበቁ፣ ወረቀቱን እንደ ደንቡ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ተቀብዬ ወዲያው ብጥቅጥቅ አደረግሁት። እፎይ! ልጅቱ ተረፈች፤ እኔም ተረፍኩ። አንድ የባላገር ሽማግሌ ሸወድኩ ብዬ በልቤ ፈገግ ማለቴን ለምን እደብቃችኋለሁ።

በሩ ጋ ደርሰው ዞር አሉ።

«አነባበብህ መልካም ነው» አሉኝ። «ያልተጻፈውን ሁሉ ታነባለህ። የቤቱን በር ግን ዘለልከው፤ አረንጓዴ ነው።»

«ጋሼ... ማንበብ ይችላሉ?»

«ዘጠኝ ዓመት የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ዳዊት ሳልደግም ጧት እህል አልቀምስም። ጋቢና ዱላ ስታይ ማይም መሰለህ?»

«ታዲያ... ልጅቱን ሊያመጧት ነው?»

ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፊታቸው ላይ የነበረው የገበያ ጨዋታ ጠፋ።

«‹አጎቴን እፈራቸዋለሁ› ብላለች። እኔን ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ። ያነበብኩት አንዴ አይደለም፤ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደጋግሜ አየሁት።» ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ። «ሠርጉ ቀርቷል፤ የሙሽራውን ዘመዶች ዛሬውኑ ‹ይቅር› እላቸዋለሁ። በጌ ግን በጌ ናት! አሁን ዋጋዋን ካገኘሁ ከሙት ልጅ ጋር ምን ያካስሰኛል?»

«ዋጋዋን ከእኔ?»

«በቤቴ ጉድ ሚስማር ጠቅልሎ ከሚቸረችር ሰው ካሣ ብቀበል ምን ነውር አለው?»

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይላሉ። እዚያ ሱቅ ውስጥ ብልጡ አንድ ነበር፤ ዓይኑ የፈጠጠው ደግሞ ሌላው።

ጋሪውን አስከትለው በቀጥታ ፍርድ ቤት ገቡና ክሱን ተዉ። የወሰደው የሥጋ ዘመድ ሲሆን ከሳሹ ከተወ መዝገቡ ይዘጋል አሉ። የልጅቱን አድራሻ ለማንም አልተናገሩም። ከሁለቱ ቢሮዎች፣ ከእኔና ከሽማግሌው መካከል ምስጢር የጠበቁት ምስጢሩ እንዲደበቅባቸው የታዘዘው ሰው ብቻ ናቸው።

እኔም ኅሊናዬ ቢቆረቁረኝ ሄጄ ለሰናይት የሆነውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ብዙ ካሰበች በኋላ፣

«ይህን ሁሉ በጽሑፍ አድርገው» አለችኝ።

«በስንት ኮፒ?»

«በሦስት። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት።»

ኃጢአቴን ራሴ ጻፍኩ፣ ራሴ አባዛሁ፣ እሷ «ምስጢር» የሚል ማኅተም መታችበት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች አንብበውት በጣም አዘኑልኝ።

ወጪ፦ ስድስት ቆርቆሮ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ኪሎ ሚስማር። ገቢ፦ የለም፤ የኮፒው ሒሳብ አልተከፈለም። የልጅቱ መዝገብ ተዘግቷል። ስምንተኛ ክፍል ተመዝግባለች።