ያለፈቃድ የታረቀ ሰፈር

ሰላም እንዲሁ በዘፈቀደ የሚመጣ ነገር አይደለም። ሰላም ዕቅድ አለው፣ አስተባባሪ አለው፣ ማኅተም አለው፣ በመካከሉም የሻይ ዕረፍት አለው። ይህን ያልተረዳ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጎረቤቱን «እንደምን አደርክ» ብሎት ያልፋል፤ በየትኛው መመሪያ መሠረት ሰላም እንዳለው ቢጠየቅ መልስ የለውም። ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ የምንኖር የአንድ እድር ሰዎችም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲህ ባለ ኋላቀርነት ውስጥ ነበርን። ዝም ብለን እንዋደድ ነበር።

እኔ ገብረክርስቶስ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ራሴን ማሞገስ አልወድም እንጂ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ እኔ የእጅ ጽሑፍ የተቀበረ የሰፈር ሰው የለም። እድራችን አንድ መቶ አሥራ ስምንት ቤት፣ አንድ ድንኳንና አንድ ጥሩምባ አለው። ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ ድንኳን ይተክላል፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ወንበር ይሸከማል። ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ስለ ሀገር ጉዳይ ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንከራከርና ከዚያ ካርታ እንጫወታለን። ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ በመዝገብ ስላልያዝነው፣ ማንን መጥላት እንዳለብን አናውቅም ነበር።

ይህን ከባድ ክፍተት ያዩልን አቶ ራጉኤል ናቸው። ከመተማመን ግንባታና የልዩነት ድልድይ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት የተላኩ ባለሙያ ናቸው። የእድሩን ሰው ሰብስበው፣ ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ወደ እኔ ዞሩ።

«በዚህ ሰፈር ያለው ልዩነት ምን ያህል ነው?»

«ልዩነት እንኳ...» አልኩና አሰብኩ፤ ባዶ እጄን መቅረብ አሳፈረኝ። «ጋሽ የሲን ማኪያቶ አይወዱም።»

ጋሽ የሲን ጥሩምባ ነፊያችን ናቸው። ከኋላ ሆነው «ቃር ስለሚያመኝ ነው» አሉ።

አቶ ራጉኤል በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልዩነት የሌለው ሰፈር የለም፤ ያልተቆጠረ ልዩነት ነው ያለው» አሉና ቅጽ አደሉን። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ ሀገር ወደፊት እየሄደች ነው ወይስ ወደኋላ? ከአንድ መቶ አሥራ ስምንቱ ቤት ዘጠና ሰባቱ «እሱ ያውቃል» ብሎ መለሰ። የቀረው ቅጹን በርበሬ ጠቀለለበት።

አቶ ራጉኤል ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። «ልዩነት የሌለው ሰው አይታረቅም» አሉን በትዕግሥት። «የማይታረቅ ሰው ስልጠና የለውም። ስልጠና የሌለው ደግሞ ምሳ የለውም።»

ይኸው ነው፣ ሕዝብ ሲገባው እንዲህ ነው። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ አቋም ይዞ አደረ። የወደፊቶች ምሳ ክትፎ ነው የሚል ወሬ ስለተነዛ መጀመሪያ ሁሉም ወደፊት ነው ያለው። ነገር ግን ለዕርቅ ሁለት እኩል ወገን ስለሚያስፈልግ፣ አቶ ራጉኤል የቤት ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነውን ሁሉ «ለጊዜው» ወደኋላ አደረጉት። እኔ ሙሉ ቁጥር ስለሆንኩ ወደፊት ቀረሁ። ሽቶ ሻጯ ሸፊቃ የወደኋላዎች ሰብሳቢ ሆነች። ኮፍያም ታደለን፤ ሁሉም ላይ «አንድ ነን» የሚል ተጽፎበታል። እንዳንቀላቀል የእኛ ቢጫ፣ የእነሱ ሰማያዊ ነው።

መቼም ሰው የተሰጠውን ነገር ይወዳል። ለጊዜው ወደኋላ የተደረጉት በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተወለዱ ጀምሮ ወደኋላ ሆኑ። እኛም ስናስበው እነዚህ ሰዎች ከድሮም ጀምሮ የሆነ ነገር ነበራቸው። የሸፊቃ ውኃ መውረጃ ወደ ማን ግቢ እንደሚፈስ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። የእድሩ ዕቃ ቤት አንድ ቁልፍ ነበረው፤ ሁለት ተደረገለት፣ አንዱ በእኔ እጅ፣ ሌላው በሸፊቃ። ድንኳን የሚወጣው የሟቹ ወገን በደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ሁለታችንም ስንስማማ ብቻ እንዲሆን አቅጣጫ ተቀመጠ። ያለ ሁለታችን ፊርማ ጥሩምባም አይነፋም። አቶ ራጉኤል ይህን ሲሰሙ «አሁን መተማመን መገንባት ይቻላል» ብለው ደስ አላቸው።

በዚህ ሁሉ እድገት መካከል አንድ ሰው ብቻ ወደኋላም ወደፊትም ሳይል ቀረ። ጋሽ ተስፋልደት ይባላሉ። የአትክልት ተራ ነጋዴዎችን ሚዛን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅጹን ስወስድላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡና «ሚዛኑን ሳላየው እንዴት ብዬ ልፍረድ?» አሉኝ። ግትር ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ማኪያቶ አብረን ጠጥተናል፤ አንድ ቀን እንኳ ሒሳብ አስከፍለውኝ አያውቁም።

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ባለቤታቸው እትዬ ደብሪቱ በሬን አንኳኩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

«ገብሬ፣ ተስፋልደት ዐረፈ።»

በሩን ይዤ ነው የቆምኩት።

«ድንኳኑን አውጣልኝ» አሉ።

«እትዬ፣ ድንኳን በሟች ወገን ጥያቄ ነው የሚወጣው። ሟች ደግሞ... ወገን የላቸውም።»

«አርባ ዓመት የኖረበት ሰፈር ወገኑ አይደለም?»

«በቅጹ ላይ አልተካተተም እትዬ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» ብለው ብቻ ወደ ሸፊቃ ሄዱ። ሸፊቃም «እኔስ እከፍት ነበር፤ ወደፊቶቹ ይከፍታሉ ብዬ ነው የማላምናቸው» አለቻቸው። ጋሽ የሲን ጥሩምባውን ይዘው ፊርማ ሲጠብቁ አረፈዱ። ጥሩምባ ስላልተነፋ ሞቱን በይፋ የሰማ ሰው አልነበረም። በይፋ ስላልሰማን ደግሞ ሁላችንም በራችንን ዘግተን ነበር።

ቀብር ስድስት ሰዓት ሆነ። ሳጥኑን የተሸከሙት ከአትክልት ተራ የመጡ ተሸካሚዎች ናቸው። አንዱ የድንች ጆንያውን ከትከሻው ሳያወርድ ነበር የደረሰው። እኔ በመስኮት አየኋቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ ጋሽ ተስፋልደት ዝናብ እየመታቸው የድንኳን ካስማ ሲቀጠቅጡልኝ ነበር ያነጉት። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ቢሆንም አሠራር አሠራር ነውና መጋረጃውን ዘጋሁት።

በማግስቱ ንጋት ላይ ጥሩምባ ተነፋ፤ ፊርማ የሚያስፈልገው ለሞት እንጂ ለስልጠና አይደለም። የጋሽ የሲን ድምፅ ሰፈሩን ዞረው። «የዚህ ሰፈር ሰው ስማ። ከፍተኛ የመተማመን ስልጠና ዛሬ ሦስት ሰዓት በእትዬ ደብሪቱ ግቢ ይሰጣል። ምሳ አለ። የቀረ ሰርተፍኬት የለውም።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ሞላ። ቢጫው በቀኝ፣ ሰማያዊው በግራ ተቀመጠ። ደብተር የያዘ አለ፤ የፊት ወንበር ለመያዝ የተጋፋ አለ። እኔም የስም መቆጣጠሪያ ይዤ ሄድኩ፤ ያለ እኔ ማን ይመዘግባል ብዬ ነው። እትዬ ደብሪቱ ጥቁር ለብሰው መሐል ላይ ቆሙ።

«መጀመሪያ ኮፍያችሁን አውልቁ። ለቅሶ ቤት ናችሁ።»

ኮፍያው ሁሉ ወረደ። ያኔ ማን የት እንደተቀመጠ ጠፋብን፤ ያው የምናውቃቸው መላጦችና ሽበታሞች ብቻ ቀሩ።

«የዛሬው ትምህርት ስለ ተስፋልደት ነው» አሉ እትዬ። «ትናንት ሲቀበር ጎረቤት ነበረው ወይስ አልነበረውም? መልሱልኝ።»

ከስልጠና ብዛት የጎበዘ አንድ ሰው እጁን አወጣና «የቡድን ሥራ ነው ወይስ የግል?» አለ።

«የግል ነው» አሉት።

መጀመሪያ ያለቀሰችው ሸፊቃ ናት። ነጠላዋን በአፏ ይዛ ነበር፤ አልቻለችም። ከዚያ ሁሉም ተከተለ፤ ስንት ጊዜ ሚዛኑን በነፃ እንደጠገኑለት አንዱ ለሌላው እየነገረ ተላቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን በኋለኛው ወንበር ነው። ሸፊቃ ቁልፏን ይዛ መጣችና «ያንተንስ?» አለችኝ። ሰጠኋት። ድንኳኑ ከቀብር በኋላ ተተከለ፤ በእድራችን ታሪክ እንዲህ ያለ አልታየም። ምሳው ንፍሮ ነበር። ማንም ክትፎው የታለ አላለም።

በሠልስቱ ቀን አቶ ራጉኤል መጡ። ጎዶሎው ከሙሉው ጋር ካርታ ሲጫወት ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ማነው ያስታረቃችሁ?»

«ሞት ነው» አሉ ጋሽ የሲን።

«ዕርቁ እኮ የታቀደው ለሰኔ ሠላሳ ነው። ክቡር እንግዳ ተጋብዘዋል። በሁለት በር ገብታችሁ መድረኩ ላይ ልትተቃቀፉ ነበር። አሁን ከታረቃችሁ ሰኔ ላይ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ከፈለጉ እስከዚያ እንጣላ» አለች ሸፊቃ።

«እሱ በዚህ ሩብ ዓመት አልተያዘም» አሉ፤ በእውነት ጨንቋቸዋል።

በሳምንቱ ለእትዬ ደብሪቱ ባለማኅተም ደብዳቤ መጣ። እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። «ከዕቅድ ውጪ፣ ያለፈቃድ፣ ባለሙያ በሌለበት ሰዎችን በጅምላ በማስታረቅዎ፣ ከዛሬ ጀምሮ በማንኛውም የዕርቅ፣ የመተማመንና የድልድይ መርሐ ግብር ላይ እንዳይሳተፉ ታግደዋል» ይላል።

«ለስንት ጊዜ ነው?» አሉ።

«ለዘለቄታው ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«ተመስገን» አሉና ንፍሯቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ይህች «ተመስገን» ሰፈሩን ለመዞር ግማሽ ቀን አልፈጀባትም። ከሰዓት በኋላ በሬ ላይ ሰልፍ ቆመ። «እኔም አብሬ ስላለቀስኩ የጥፋቱ ተባባሪ ነኝና ያው ቅጣት ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ ነው የሚያጽፉት። ሸፊቃ «ቁልፍ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ቅጣቴ ይክበድልኝ» ብላ ለብቻዋ አስጻፈች። እትዬ ደብሪቱ ለእያንዳንዱ «አዎ፣ ለቅሶ ደርሷል» ብለው በምስክርነት ይፈርማሉ። ጽሕፈት ቤቱም በፍጥነት አገደልን፤ ለፍጥነቱ ምስጋና ይገባዋል። መጨረሻ ላይ የራሴን ጽፌ አቀረብኩ።

እትዬ ወረቀቱን አዩና ሳይፈርሙ መለሱልኝ።

«አንተ ገና ነህ፣ ገብሬ።»

«አልቅሼ ነበር እኮ፣ እትዬ።»

«አይቻለሁ። በመስኮትም አይቼሃለሁ።»

ሰኔ ሠላሳ አዳራሹ በአበባ አጊጦ ነበር። ከሰፈራችን ያልታገድኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ብቻዬን ተገኘሁ። አቶ ራጉኤል በአንደኛው በር አስገቡኝ፤ በሁለተኛው በር የሚገባ ሰው ጠፋ። ንግግሩ ተደረገ፣ ካሜራው ተዘጋጀ። ክቡር እንግዳው እጄን ይዘው በፈገግታ ጠየቁኝ።

«ከማን ጋር ነው መታረቅ የምትፈልገው?»

«ከእትዬ ደብሪቱ ጋር» አልኩ።

አቶ ራጉኤል ዝርዝራቸውን ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

«አይቻልም» አሉኝ። «እሳቸው ታግደዋል።»